ኩሽኔታው ምን አደረገ?

ቶርኖ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጋራዥ ሰፈር የሚጮኸው ግዙፍ ማሽን ነው። ትንሽም አለው። አጎቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የገዛው የቻይና ቶርኖ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን የሚያዞረው ብረት ውፍረት ቢበዛ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። በእሱ ለጎረቤት የቡና መፍጫ ዘንግ ይሠራል። ገንዘብ አይቀበልም፤ ደስታው ነው።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ማሽኑ አመል አወጣ። እየተንቀጠቀጠ በሚቆርጠው ብረት ላይ እንደ ሞገድ ያለ መስመር ይተዋል። የተጠራው ባለሙያ ቆሞ አዳመጠና «ኩሽኔታው አልቋል፤ ሸጣችሁ ብትገላገሉት ይሻላል» ብሎ ሄደ። አጎቴ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን የእጅ ባትሪ እንድይዝለት ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታ ገዛህ እንዴ?»

«አንተ ጋዜጠኛ ልትሆን አይደል? ወሬውን ሳታጣራ ነው የምትጽፈው?»

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ። ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጠረገ። በኮምፕረሰር ብንነፋው አይቀልም ወይ ብዬ ነበር፤ ለካ አየሩ ደቃቁን ብናኝ መንሸራተቻዎቹ መሃል ይወትፈዋል፣ እዚያ ገብቶ ደግሞ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ቢላው በደንብ መሳሉንም አየ።

ከዚያ ቸኩ ላይ ወፍራም ዘንግ አስነከሰና የሚሊ ሜትር መቶኛ የሚያነብ ባለመርፌ መለኪያ ቸኩ ላይ አስጠጋ። ዘንጉን ገፋ አደረገው፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም ማለት ይቻላል። እዚህ ጋ ዘላ ቢሆን ኖሮ ባለሙያው ልክ ነበር። መለኪያውን ወደ ቢላ መያዣው አዛውሮ ሲገፋ ግን መርፌዋ ዘለለች። የላላው ቢላውን የሚሸከመው ተንሸራታች ነው እንጂ ኩሽኔታውስ ምን አደረገ!

በተንሸራታቹ ጎን ክፍተት የምትሞላ አንዲት ቀጭን ብረት አለች። የምትጠብቀው በተደረደሩ ትንንሽ ብሎኖች ነው። አጎቴ ዳዶዎቹን አላልቶ ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጠብቃል፣ እጀታውን ያዞራል፣ እንደገና ያጠብቃል። ልኩ፣ እጀታው ሳይከብድ ትንሽ ያዝ ሲያደርግ ነው። ከመጠን በላይ ካጠበቁት መንሸራተቻው ይበላል። አስቸጋሪው መጨረሻው ነው፦ ዳዶው ሲታሰር ብሎኑ አብሮ ይዞርና ልኩ ይበላሻል። ስለዚህ ብሎኑን በቁልፍ ቀጥ አድርጎ ይዞ ነው ዳዶው የሚታሰረው። ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ የእኔም እጅ ባትሪ በመያዝ ዛለ።

መንሸራተቻውን 68 ቁጥር ዘይት በስሱ ቀባው። ግራሶ ፍቅፋቂ ይሰበስባል ብሎ አያስነካውም። እግረ መንገዱን ጥርሱ የተሰበረ አንድ የፕላስቲክ ማርሽ ቀየረ። የሁለቱን ማርሾች ርቀት የለካው በምን መሰላችሁ? ቁራጭ ወረቀት በጥርሶቹ መሃል አስገብቶ፣ አጠጋግቶ ካሰረ በኋላ ወረቀቱን መዞ አወጣው። ማርሹን በብረት ለምን አትቀይረውም ስለው «አንድ ነገር ሲነክስ እሱ ይሰበር፣ ርካሹ» አለኝ።

ማታ ሞተሩ ተነሳ። ሞገዱ የለም። ሁለት ሳምንት የቆየው የጎረቤት ቡና መፍጫ ዘንግ ያኔውኑ ተሠርቶ አለቀ። ትንሽ ጩኸት ግን ቀርቷል፤ አጎቴ ቀበቶው ይመስለኛል ይላል። ገና አላጣራንም።