የወላጅ ቤት ሲሸጥ ግብሩ የሚሰላው ከየት ተነስቶ ነው?

በአሪ ምድር፣ በገዘርና በዙሪያዋ፣ ከወላጅ ለልጅ የሚተላለፈው ዋናው ሀብት እንሰት፣ ቡናና ኮረሪማ የበቀለበት ይዞታ ነው። ይዞታው ይወረሳል እንጂ አይሸጥም። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ ከሽያጭ ትርፍ የሚከፈለው ግብር ወራሹን የሚያገኘው በአብዛኛው ከተማ ላይ ባለ ቤት ወይም በባንክ አክሲዮን ነው።

መውረስ ብቻውን አያስከፍልም፤ በኢትዮጵያ የውርስ ግብር የሚባል የለም። ልጆች በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት እኩል ይካፈላሉ፤ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ጥያቄው የሚነሳው ገዢ ሲመጣ ነው።

የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286 ለንግድ፣ ለፋብሪካና ለቢሮ በሚያገለግል ሕንፃ ሽያጭ ትርፍ ላይ 15 በመቶ፣ በአክሲዮን ላይ ደግሞ 30 በመቶ ጣለ፤ ለመኖሪያ ብቻ የዋለ ቤትን ነፃ አደረገ። በ2008 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 979ም ሁለቱን መጣኔዎች አስቀጠለ። ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ የመንገድ ዳር ቤት ላይ ክርክር የሚበዛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ለምሳሌ አንድ የንግድ ቤት በ2 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። አባት ለግንባታው ያወጣው 400 ሺህ ብር በደረሰኝ ተረጋግጦ ተቀባይነት ካገኘ፣ በ1.6 ሚሊዮኑ ትርፍ ላይ 15 በመቶው 240 ሺህ ብር ነው። ማስረጃው ጠፍቶ ወጪው ጨርሶ ካልተያዘ 300 ሺህ ይደርሳል። የስልሳ ሺህ ብሩ ልዩነት ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሌሎች አገሮች የወራሹ ትርፍ የሚሰላበትን መነሻ ዋጋ በየራሳቸው መንገድ ወስነዋል። በአሜሪካ የወራሹ መነሻ ንብረቱ አውራሹ በሞተበት ዕለት የነበረው ዋጋ ነው፤ በካናዳ በአብዛኛው ሟቹ በሞተበት ዕለት እንደሸጠው ተቆጥሮ ግብሩ ይሰላል።

በእኛ ከተሞች ሌላም ሸክም አለ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፣ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተገኘ ቦታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ ሊዝ አይገባም፤ ሲሸጥ ግን ገዢው የሊዝ ባለይዞታ ይሆናል። ገዢው ይህን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ በወራሹ ላይ ያርፋል።

ወደ ግብሩ ስንመለስ፣ የድሮው የግንባታ ወጪ በዛሬው ብር ካልተስተካከለ፣ ትርፍ ተብሎ ግብር የሚጣልበት ገንዘብ ከፊሉ የብር መርከስ ብቻ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለተሻሻለ፣ ወራሾች ከመዋዋላቸው በፊት በዕለቱ የሚሠራውን መጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ወላጆችም የግንባታ ደረሰኝና የአክሲዮን ሰርተፍኬታቸውን በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸው ያሳዩ።