ስለ ኳስ ተጫዋቾች ውሰት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

በቋንቋችን መበደርና መዋስ አንድ አይደሉም። ማሽላ የተበደረ ሰው የሚመልሰው ያንኑ ማሽላ ሳይሆን ልኩን ነው፤ በሬ የተዋሰ ሰው ግን ያንኑ በሬ መመለስ አለበት። በሮቢትና በቆቦ ሜዳ ዝናብ በጣለ ጊዜ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋራ በመቀናጆ ያርሳል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ጥማድ ተውሶ ያርሳል። ተዋሹም ለበሬው አገዳና ውኃ ይሰጣል፥ ቀኑ ሲደርስ በደኅና ይመልሳል። በሬው በሰው እርሻ ላይ ሳለ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን በሁለቱ መካከል ክርክር ይነሣል።

ልጆች ሆይ፥ በእግር ኳስ ዓለም ሰውም እንዲሁ በውሰት ይሰጣል ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ኳስ መጫወትን ሥራው አድርጎ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ከአንድ ክለብ ጋራ ለተወሰነ ዘመን ውል ይዋዋላል። ውሉ ሳያልቅ ክለቡ ተጫዋቹን ለሌላ ክለብ ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት ሊሰጠው ይችላል፤ ይህም ውሰት ይባላል። በውሰቱ ዘመን ደመወዙን ተዋሹ ይከፍላል፥ ወይም ሁለቱ ክለቦች ይካፈሉታል። አንዳንድ ጊዜም ተዋሹ በመጨረሻ ተጫዋቹን ለመግዛት ቢወድ ዋጋው ይህን ያህል ነው የሚል ቃል በውሉ ይገባል።

አሁን ጥቅሙንና ጉዳቱን በተራ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገረ ነው።

የውሰት ፊተኛው ጥቅም ለተጫዋቹ ነው። በታላቅ ክለብ ያለ ወጣት ከእርሱ የሚበልጡ ስላሉ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ይመለከታል፤ ኳስ ግን ተቀምጠው የሚማሩት ሥራ አይደለም። እንግሊዛዊው ሃሪ ኬን የቶተንሃም ወጣት ሳለ ከ2011 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ለአራት ክለቦች በውሰት ተሰጥቶ ነበር። በኋላም ለቶተንሃምም ሆነ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን እንደ እርሱ ብዙ ጎል ያገባ ሰው አልተገኘም። ከአገራችንም ሰላዲን ሰዒድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ በ2011 ወደ ግብፁ ክለብ ወደ ዋዲ ደግላ ገባ፤ ዋዲ ደግላም ኋላ በቤልጅግ አገር ላለው ለሊርስ ክለብ በውሰት ሰጠው። በዚያን ጊዜ የሁለቱ ክለቦች ባለቤት አንድ ሰው ስለ ነበረ፥ መንገዱ ቀና ሆነለት።

ሁለተኛው ጥቅም ለተዋሹ ክለብ ነው። በወልድያ ከተማ በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር ከ25 ሺሕ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲዮም ተመርቋል። የወልድያ ክለብም በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ይጫወት ነበር፤ ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ያማረ ሜዳ ብቻውን ጎል አያገባምና፥ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ክለብ ውድ ተጫዋች ለመግዛት አቅም ሲያንሰው፥ በውሰት ማግኘት ለእርሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ሦስተኛው ጥቅም ደግሞ የባለቤቱ ክለብ ነው፤ ሥራ የፈታ ተጫዋቹ ልምድ ይዞ ይመለስለታል፥ የደመወዙም ሸክም ይቀልለታል።

ጉዳቱስ ምንድር ነው? አስቀድሞ፥ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በተዋሰው ጎል አግቢ ተመክቶ የራሱን ወጣቶች ያላስተማረ ክለብ፥ ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል።

ደግሞም የተዋሱት ሰው በባለቤቱ ላይ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ቲቦ ኩርቱዋ የቸልሲ ግብ ጠባቂ ሲሆን፥ ከ2011 ጀምሮ ለስፔኑ አትሌቲኮ ማድሪድ በውሰት ተሰጥቶ ነበር። በ2014 ሁለቱ ክለቦች በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙና አትሌቲኮ ቸልሲን አሸነፈ። በ2020ም ባርሴሎና ለባየርን ሙኒክ ያዋሰው ፊሊፔ ኩቲኞ፥ ባየርን 8 ለ 2 ባሸነፈበት ጨዋታ በባርሴሎና ላይ ሁለት ጎል አገባ። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የተዋሰ ተጫዋች ባለቤቱን ክለብ እንዳይገጥም ደንቡ ይከለክላል፤ በአውሮፓ ውድድር ግን እንዲህ ያለው ክልከላ አይጸናም።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ግን በተጫዋቹ ላይ የሚደርሰው ነው። ባለጠጋ ክለብ ብዙ ወጣቶችን ይገዛና፥ እንደሚያረባው ከብት በየአገሩ ይበትናቸዋል። ማቴይ ዴላች የተባለው የክሮኤሽያ ግብ ጠባቂ ከ2010 እስከ 2018 የቸልሲ ተጫዋች ተብሎ ሲቈጠር ከክለብ ወደ ክለብ ተዋሰ፤ ለቸልሲ ዋና ቡድን ግን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ወጣ።

ስለዚህ የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በ2022 ሐምሌ ወር ከአገር ወደ አገር ለሚደረገው ውሰት ደንብ አወጣ። በዚህም ደንብ ውሰት ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ የተዋሰ ሰው ለሌላ ሦስተኛ ክለብ ደግሞ አይዋስም፤ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮም አንድ ክለብ በአንድ ጊዜ ከስድስት ተጫዋች በላይ አያውስም፥ ከስድስትም በላይ አይዋስም። በዚህ ቍጥር ግን ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያላለፈና በክለቡ ተምረው ያደጉ ወጣቶች አይገቡበትም።

እንግዲህ ውሰት በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ደግ ወይም ክፉ የሚያደርገው ውሉ ነው። በሬው ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም፤ ተጫዋቹ ግን ሰው ነውና ያለ ፈቃዱ ውሰቱ አይፈጸምም። ከሮቢት ሜዳ ተነሥቶ ነገ ለአንድ ክለብ የሚፈርም ልጅ፥ ውሰት የሚል ወረቀት ቢቀርብለት አራት ነገር ይጠይቅ፦ እስከ መቼ ነው? ደመወዜን የሚከፍለኝ ማን ነው? ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? ቀኑ ሲፈጸም የምመለስበት ቦታ አለኝን? መልሱም በአፍ ብቻ እንዳይቀር፥ በውሉ ተጽፎ ያግኘው። ፊደል የቈጠረ ልጅ ይህን ራሱ አንብቦ ይፈርማል፤ ያልተማረ ግን ሌላ ሰው አንብቦ የነገረውን አምኖ ጣቱን ያትማል። እግር ኳስን የምትወዱ ልጆች ትምህርታችሁን ከኳሱ ጋራ አጣምራችሁ መያዝ የሚገባችሁ ስለዚህ ነው።