የአሮጌ አውቶሞቢል ቦቢና ከመለወጡ በፊት ስለሚደረግለት ፈተና

ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋና መንገድ የሚያልፍባት የራያ ሜዳ ከተማ ናት። በዚህ ቆላ አገር ሙቀቱና አቧራው ለአሮጌ የቤንዚን ሞተር አይመቹም። አላማጣን አልፎ በግራካሱ ዳገት ወደ ኮረም ለሚወጣ መኪናም ፈተናው ይብሳል። ሞተሩ ግሎ በመንገድ ላይ ሲጠፋ፣ ሾፌሩ ብዙውን ጊዜ የሚፈርደው መካኒኮች ቦቢና ወይም ኮይል በሚሉት ዕቃ ላይ ነው። አዲስ ገዝቶ ያስገጥማል፤ ሞተሩ እንደገና ሲጠፋበት ግን ዕቃውን ይዞ ይመለስና ከባለሱቁ ጋር ክርክር ይገጥማል። ባለሱቁም ከዕቃው ዋጋ ይልቅ ደንበኛውን ያጣል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያሉት አሮጌ መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግሉ ግድ ሆኗል። መለዋወጫቸው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ደኅናውን ቦቢና አውጥቶ መጣል ለማንም አይጠቅምም።

ቦቢና በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ በብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን የያዘ ነው። አንደኛው ወፍራም ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር፣ ሁለተኛው እጅግ ቀጭን ሆኖ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዙር አለው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ፑንቲና በተከፈተ ቁጥር በወፍራሙ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ በዚያው ቅጽበት በቀጭኑ ሽቦ ከ10,000 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል ይፈጠርና በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ይሆናል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 በካዲላክ መኪና ላይ ያዋለው ይህ ዘዴ ነው፤ አሮጌዎቹ ቮልስዋገን፣ ፊያት 600፣ ፔጆ 404 እና ላዳም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ፈተናው አንድ የኦም መለኪያ ብቻ ይጠይቃል። በመጀመሪያ የመለኪያውን ሁለት ዘንጎች እርስ በርስ አነካክቶ የሚያሳየውን ቁጥር መያዝና ከኋላ ከሚገኘው ላይ መቀነስ ያስፈልጋል፤ በትንሽ ልኬት ላይ ይህ ልዩነት ያሳስታልና። ከዚያም የቦቢናውን ገመዶች ፈትቶ በሁለቱ ትንንሽ ማሠሪያዎች መካከል ሲለካ፣ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ ያሳያል። ኃይል የሚቀንስ ሬዚስተር ከውጭ የሚታከልለት ዓይነት ግን 1.5 ኦም ያህል ነው። ከመካከለኛው ጉድጓድ እስከ ትንሹ ማሠሪያ ድረስ ደግሞ ከ5,000 እስከ 12,000 ኦም ይጠበቃል። መለኪያው ምንም መተላለፊያ የለም ካለ ሽቦው ተበጥሷል። ከማሠሪያዎቹ ወደ ቆርቆሮው ግን መተላለፊያ መገኘት የለበትም።

በዚህ ብቻ መወሰን ግን አይበቃም፤ የቆላው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ተቃውሞው በመቶ 0.4 ያህል ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ 3 ኦም የነበረው በ80 ዲግሪ ወደ 3.7 ይደርሳል፣ ይህም ጉድለት አይደለም። ሆኖም ውስጡ የላላ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ይገናኝና ሲግል ይለያያል። እንዲህ ያለው ቦቢና በሱቅ መደርደሪያ ላይ ደኅና መስሎ ዳገት ላይ ይከዳል።

በሌላ በኩል ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ በሙቀት ተንኖ ፓምፑ መሳብ ሲያቅተው ሞተሩ በዚያው ዓይነት ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ ይነሣል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሞተሩ በጠፋበት ቦታ፣ ትኩስ ሳለ ነው። የቦቢናውን መካከለኛ ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ነቅሎ፣ መያዣው በጎማ በተሸፈነ ጉጠት ጫፉን ከሞተሩ ባዶ ብረት 5 ሚሊ ሜትር ያህል አራርቆ መያዝና ሌላ ሰው ሞተሩን እንዲያስነሣ ማድረግ ነው። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከተገኘ ቦቢናው ነጻ ነው፤ ጥፋቱም ከቤንዚኑ በኩል ይፈለጋል። ቢጫና ደካማ ከሆነ ቦቢናውን ከመወንጀል በፊት ፑንቲናውንና ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነውን ኮንደንሰር መመርመር ይገባል። ቤንዚን በፈሰሰበት አጠገብ ይህ ሙከራ ፈጽሞ አይደረግም፤ ገመዱንም ከብረቱ እጅግ ማራቅ የቦቢናውን መከለያ ያበላሻል።

ብዙ ቦቢና የሚቃጠለው በሰው እጅ መሆኑም መታወቅ አለበት። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ እንደተከፈተ ሲቀር፣ ፑንቲናው ዝግ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ሳያቋርጥ እየፈሰሰ ያግለዋል። በገበያ ቀን መኪናውን አቁሞ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሾፌር ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

አስመጪዎች በትእዛዛቸው ላይ የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን ቮልቱንና ኦሙን ቢጽፉ የተመላሽ ዕቃ ቁጥር ይቀንሳል። ሬዚስተር የሚፈልገው የ1.5 ኦም ዓይነት ያለ ሬዚስተር ቢገጠም ራሱም ይግላል፣ ፑንቲናውንም ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ፣ ገዢው በዘመኑ ካልተጠየቀ ባለ 12 ቮልት ይዞ ይሄዳል። የባትሪው ፖዘቲቭ ከሻሲው ጋር የሚታሠርባቸው አሮጌ ላንድሮቨሮች ላይም የቦቢናው ማሠሪያዎች ከሌሎቹ መኪኖች በተቃራኒ ይያያዛሉ፤ ፖዘቲቩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ኔጋቲቩ ወደ ቁልፉ ነው። ተገላብጦ ከታሠረ ሞተሩ ይሠራል፣ ብልጭታው ግን ይደክማል።