ለስምንት ሳምንት የተቀጠሩት ልጆች

ቺካጎ ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲበረታ ተኩሱም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ በከተማዋ ከ500 በላይ ሰው ተገድሏል። «ዋን ሰመር ፕላስ» የተባለው ፕሮግራም በዚያው ዓመት ዓመፅ ከበረታባቸው 13 ትምህርት ቤቶች ልጆችን መልምሎ ለስምንት ሳምንት በደመወዝ አሠራ።

ሥራው ተራ ሥራ ነበር። አንዱ በዕረፍት ካምፕ ሕፃናትን ሲያጫውት ይውል ነበር፣ ሌላዋ የሰፈር አትክልት ቦታ ታጸዳ ነበር፣ አንዳንዱም የከተማው ምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ ይላላክ ነበር። በሳምንት 25 ሰዓት፣ በሰዓት 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም፤ የኢሊኖይ ዝቅተኛው ክፍያ ይህ ነበር። የአውቶቡስ መሳፈሪያና በቀን አንድ ምግብም ነበራቸው። ገሚሶቹ ከ25ቱ ሰዓት አሥሩን ንዴትንና ስሜትን ስለመግራት ሲማሩ ያሳልፉ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን አጠገባቸው የቆመው አዋቂ ነው። ለአሥር ያህል ልጆች አንድ ይመደብ ነበር። አውቶቡስ ሲያመልጥ ምን እንደሚደረግ፣ አለቃ ሲቆጣ እንዴት እንደሚመለስለት፣ የቤት ጣጣና የሥራ ሰዓት ሲጋጩ ማን ቀድሞ መስማት እንዳለበት ያሳያቸው የነበረው እሱ ነው። ቁጣን ዋጥ አድርጎ መነጋገር የሚለመደው እንዲህ በየቀኑ ሲደጋገም ነው።

አመልካቹ ከቦታው ስለበዛ ምርጫው በዕጣ ሆነ፤ ከ1,634 ልጆች ለ730ዎቹ ደረሳቸው። ተመራማሪዋ ሳራ ሄለር ሁለቱን ወገኖች ለ16 ወራት ተከታትላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጣች። ዕጣ የደረሳቸው በዓመፅ ወንጀል የተያዙበት መጠን ካልደረሳቸው በ43 በመቶ አነሰ። ለውጡ በአብዛኛው የታየውም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሥራ ይዘው ለጠብ ጊዜ አጡ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ንዴትን መግራት የተማሩትና ሥራ ብቻ የሠሩት ልጆች ውጤትም እምብዛም አልተለያየም። በስርቆትና በዕፅ ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም።

የቺካጎው ፕሮግራም ልጆቹ በኋላ የተሻለ ሥራ እንዲያገኙም በአማካይ አላስቻለም። በሥራ ማስገኘት መለኪያ ብቻ ከተመዘነ ይወድቃል። ዓመፅን ስለቀነሰ ግን፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ በጀት የሚወስኑ ሰዎች ከሕይወት ማዳን ዘርፍ ሊቆጥሩት ይገባል፤ ለአንድ ልጅ የወጣው 3,000 ዶላር ገደማ ነው።