በብርሃን የተገለጠው ረቂቅ ፋብሪካ

ዓይኑን የታመመ ሕፃን በእናቱ ጕልበት ላይ ተኝቶ የቴትራሳይክሊን ቅባት ሲደረግለት ማየት በአገራችን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ትራኮማ በበረታባቸው ወረዳዎችም አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሕዝብ ሲታደል ኖሯል። እናት መድኃኒቱ የልጇን ዓይን እንደሚረዳ ታውቃለች፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በምን ዘዴ እንደሚያሸንፈው ብንጠይቅ፥ መልሱ የሚገኘው ዓይን ሊያየው በማይችለው ዓለም ውስጥ ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልንገልጽ የፈለግነው ይህን ዓለም ስላሳየው ብርሃንና ስለ አንዲት ትዕግሥተኛ ሊቅ ነው።

ማናቸውም ሕይወት ያለው ፍጡር በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራለት ራይቦዞም የሚባል እጅግ ረቂቅ ፋብሪካ አለው። ይህ ፋብሪካ ከሥራው ቢታገድ ባክቴሪያው ማደግም መራባትም አይችልም። ነገር ግን የአቶሞቹን አቀማመጥ በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም፤ ዓይናችን የሚያየው የብርሃን ሞገድ በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት በሺህ የሚቈጠር እጥፍ ይበልጣልና። ስለዚህ ሞገዱ ከዚህ ርቀት ጋር የሚመጣጠን ጨረር አስፈለገ፤ እርሱም በሐኪም ቤት ራጅ የምንለው ነው።

የአንድ ራይቦዞም ምልክት ብቻውን እጅግ ደካማ ስለሆነ፥ ሊቃውንቱ ብዙ ራይቦዞሞች እንደ ጨው ቅንጣት በሥርዓት ተሰልፈው እንዲረጉ ያደርጋሉ። ይህ ክሪስታል ይባላል። ራጁ በክሪስታሉ ሲያልፍ ይበተንና በመቀበያው ላይ ብዙ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ከነጠብጣቦቹ ስፍራና ድምቀት በመነሣት፥ በተጨማሪ ሙከራና በረጅም ሒሳብ፥ የአቶሞቹ አቀማመጥ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ብርቱ ራጅ የሚያመነጨው መሣሪያ ሲንክሮትሮን ነው። በውስጡ ኤሌክትሮኖች አየር በሌለው ክብ ቧንቧ ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው ይሮጣሉ፤ ማግኔቶች መንገዳቸውን ባጠመዘዙት ቍጥር ጨረር ይረጫሉ። በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ የሚገኘው ሲንክሮትሮን ዙሪያው 844 ሜትር ነው።

ፕሮፌሰር አዳ ዮናት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ተወለዱ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው በችግር አደጉ። በብስክሌት አደጋ ተጐድተው በሚያገግሙበት ጊዜ፥ የብርዱን ወራት በእንቅልፍ በሚያሳልፉ ድቦች ሕዋስ ውስጥ ራይቦዞሞች በሥርዓት እንደሚደረደሩ አነበቡ። ተፈጥሮ ከደረደራቸው እኛም ልንደረድራቸው እንችላለን ብለው ተነሡ፤ በ1980ም የመጀመሪያዎቹን ክሪስታሎች አገኙ። ብዙ ሊቃውንት ግን ሥራው የማይሆን ነው አሏቸው። በእርግጥም የሚያሳየው ጨረር ራሱ ክሪስታሉን ያበላሸው ነበር። ፕሮፌሰሯና ባልደረቦቻቸው ክሪስታሉን ከዜሮ በታች ወደ 185 ዲግሪ በማቀዝቀዝ ዕድሜውን አራዘሙለት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ በ2000 የራይቦዞም ቅርጽ ተገለጠ። በ2009ም ከቶማስ ስታይትስና ከቬንካትራማን ራማክሪሽናን ጋር በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ የመድኃኒቶቹ ሥራ ፊት ለፊት ታየ። ቴትራሳይክሊን ለባክቴሪያው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚገባበትን ስፍራ ይይዛል፤ አዚትሮማይሲን ደግሞ አዲሱ ፕሮቲን የሚወጣበትን መተላለፊያ ያጠባል። የሰው ራይቦዞም በቅርጹ ከባክቴሪያው ስለሚለይ ከጉዳቱ ይተርፋል። ሆኖም ባክቴሪያዎች መድኃኒቱ የሚይዝበትን ስፍራ እየለወጡ መቋቋምን ይማራሉ። አዲስ መድኃኒት የሚያዘጋጁ ሊቃውንት ይህን ካርታ ይዘው ይሠራሉ፤ እኛም በበኩላችን የታዘዘልንን መድኃኒት በታዘዘው መጠንና ጊዜ ብንወስድ፥ ያልታዘዘልንንም ብንተው፥ የዚያን ሁሉ ዓመት ድካም ፍሬ ለልጆቻችን እናቆያለን።