ባለ ሁለት መቀመጫዋ ሰጋር

ቶዮታ 86 የምትባል ባለ ሁለት በር መኪና አለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ስትወጣ ብዙ የመኪና ጸሐፊዎች አሞግሰዋታል፤ ባለ ሁለት ሊትር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ የአሜሪካ መነሻ ዋጋዋም 25 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር። የኋላ መቀመጫዋ ግን ቦርሳ ወይም ልጅ እንጂ ጎልማሳ አይችልም። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስንዝር አይሞላም። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣውን የድንጋይ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም።

ልግዛ ቢልም አይሳካለትም፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። መኪናዋ የምታነሳው ጥያቄ ግን መልካም ጥያቄ ነው። ኪስ የማይጎዳ፣ ለዕለት ሥራ የሚሆን፣ ሲቀመጡበት ደግሞ ልብ ደስ የሚያሰኝ ነገር ከወዴት ይገኛል? ላሊበላ የምትገኝበት ላስታ መልሱን ያገኘው መኪና ከመፈጠሩ በፊት ነው፦ ሰጋር በቅሎ።

ምስጢሩ ያለው ስግሩ ላይ ነው። ሶምሶማ ላይ እግሮች በሰያፍ ይጣመራሉ፤ የቀኝ ፊት ከግራ ኋላ ጋር አብሮ ይነሳል። እንስሳው በየጊዜው ከመሬት ስለሚነጠል ተቀማጩ ኮርቻው ላይ ይነጥራል፤ ግማሽ ቀን እንዲያ የሄደ ሰው ማታ ወገቡን ሲያሽ ያመሻል። ሰጋር ግን የአንዱን ጎን ሁለት እግሮች አከታትላ ታነሳለች፣ ቀጥሎ የሌላውን ጎን። መሬት የረገጠ እግር ምንጊዜም ስለማይጠፋ ጀርባዋ አይዘልም፤ ግራና ቀኝ በቀስታ ይወዛወዛል፣ መንገዱ ግን ይሄዳል። ጠጅ የሞላ ብርሌ ይዤ ልፈትናት አስቤ ነበር፤ ጠጁ አሳዘነኝና ተውኩት። ቶዮታ 86 በወጣችበት በዚያው ዓመት የታተመ የሳይንስ ጥናት በፈረሶች ዘንድ የዚህን ዓይነት አካሄድ ከአንድ ዘረ መል ለውጥ ጋር አያይዞታል። ዘር ያልሰጠውን ልምምድ ጥቂት ይሞላዋል፤ በተፈጥሮዋ ሰጋር የሆነችውን ግን ገበያተኛ ከሩቅ ይለያታል።

አሠራሯም እንግዳ ነው። አባቷ አህያ፣ እናቷ ባዝራ። አህያ 62፣ ፈረስ 64 ክሮሞዞም ሲኖራቸው ለእሷ የሚደርሳት 63 ነው፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ ለጥንድ አይመችም፣ ስለዚህም አትወልድም። እያንዳንዷ በቅሎ ከአህያና ከባዝራ እንደገና ትጀመራለች። አንዲት ባዝራ አሥራ አንድ ወር ገደማ ተሸክማ የምትወልደው የራሷን ዘር የማይተካ ልጅ ነውና ባለ ባዝራ ሁሉ እሺ አይልም። ዋጋዋ ከአህያ እጅግ የሚበልጠው፣ ብዙ ጊዜም ፈረስን የሚያስንቀው ስለዚህ ነው። ብትወደድም ረጅም ታገለግላለች፤ በደንብ ከተያዘች ሠላሳ ዓመት መድረስ አያቅታትም። እዚህ ዕድሜ ላይ ጎዳና የሚወጣ መኪና አዲስ አበባ ሞልቷል፤ አሸተንን ሲወጣ ግን አላየሁም።

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማውን ያጣል፤ 200 የተባለው 150 ሆነ ማለት ነው። አሸተን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከበላዩ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,200ን አልፎ ይሄዳል። በቅሎዋም ትንፋሽ ያጥራታል፤ ነገር ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ኮቴዋ ከፈረስ ጠበብ፣ ጠንከር ያለ ነው፤ በአገራችን ልማድ ብረት አይመታላትም። ነዳጇ ሣርና ገለባ ነው፤ ከብርቱ ጉዞ በኋላ ገብስ ቢጨመርላት አትጠላም።

ግትር ናት የሚሏት ሰዎች ገደል ዳር አብረዋት አልቆሙም። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ አህያ ሲደነግጥ ይቆማል። በቅሎ መቆሙን ከአባቷ ወርሳለች። አሸተን መውጫ ላይ መንገዱ ከአለቱ ጋር ተጣብቆ በሚጠብበት ቦታ ያሳፈረችኝ ዳማ በቅሎ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጓሙን ሳብኩ። ባለቤቷ ከኋላ፣ «ይተዋት ጋሼ፣ የምትረግጥበትን እየፈለገች ነው» አለኝ። አንዱን ድንጋይ በፊት እግሯ ነካ ነካ አድርጋ ተወችው፣ ሌላውን ረገጠች፣ ቀጠለች። እኔ ድንጋዮቹን አልለየኋቸውም።

የሚገርመኝ ታሪክ ያደላባት መሆኑ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኛው ተባሉ፤ ሁሉም የፈረስ ስም ነው። በበቅሎው ስም የተጠራ ንጉሥ አልሰማሁም። ረጅሙን የዘመቻ መንገድ መኳንንቱ የሚገፉት ግን በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ለውጊያው ሰዓት ጉልበቱ ተቆጥቦ ከኋላ ይሳባል። በምኒልክ ዘመን ማብቂያ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ ላስታ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት በእግርና በበቅሎ ብቻ የሚደረስበት አገር ሆኖ ቆይቷል። ዋሻ ውስጥ ወዳለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመኪና መንገድ እስኪሠራ ድረስ እንግዳው ሁሉ በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር የሚሄደው።

ዛሬ ከተማው ውስጥ ባጃጁ ሥራዋን ቀምቷታል፤ ሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስም መኪና ይሻላል። ለእሷ የቀረላት ዳገቱና ገጠሩ ነው። ዳገቱ ላይ የሚያከራዩዋት ሰዎች ኑሮ በቱሪስት ላይ የቆመ ስለነበር የ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ አከታትሎም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ የደረሰው ጦርነት ክፉኛ ጎድቷቸዋል። ቱሪስት ባይመጣም በቅሎዋ በየቀኑ መብላቷን አታቆምም፤ ይኼ ከመኪና የምታንስበት ዋናው ነገር ነው።

ሌላም ጉድለት አላት። ሌሊት ከጅብ የሚጠብቃት በረት ያስፈልጋታል። የጋማ ከብት የሚጨርሰው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ከፈረስ ባነሰ ቢሆንም እሷንም ይይዛታል፤ ክትባቱ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ይመረታል። ሁለተኛው መቀመጫ፣ ፌናጣው፣ ለልጅ ነው እንጂ ለጎልማሳ አይመችም፤ በዚህ ከቶዮታዋ ጋር እኩል ናቸው።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምት። ግላሱን ገልጦ ጀርባዋን ይዳስስ፤ የዳነ ገጣባ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ስለሚበቅል አይደበቅም። ከኋላዋ ሲያልፍ ጆሮዋን ወደ ኋላ ከለጠፈች ተራጋጭ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ይቀመጥባት፣ ግን ሜዳ ላይ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ሁሉም በቅሎ ሰጋር ነው።

ስንመለስ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ባለቤቷ ልጓሙን ያዘና፣ «እዚህ ጋ ይውረዱላት፣ ጋሼ» አለኝ። ለምን አልኩት፣ እስካሁን ተሸክማኝ የለ?

«ዳገቱን ወጣችልዎ። ቁልቁሉን እርስዎም እግር አለዎት።»