«ደህና ነኝ» ከሚለው ድምፅ ጀርባ

ስለ ስደት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው መንገዱን ነው፤ በረሃውን፣ ባሕሩን፣ ደላላውን። ዛሬ ግን ያን ሁሉ አልፎ ማዶ ስለደረሰው ሰው ልብ ጥቂት ልበል።

በስልክ የማገኛቸው ስደተኛ ዘመዶቼ «እንዴት ናችሁ?» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «ደህና ነን» ነው። ጨዋታው ሲረዝም ግን ሌላው ይከተላል። እንቅልፍ እምቢ ብሏል። መንገድ ላይ የቀረው ጓደኛ በሕልም ይመጣል። ለጉዞው የተበደሩት ብር ያስጨንቃል፤ እናት ታማ አለመድረስ ያንገበግባል። ይህን ሲነግሩን እኛ ክርስቲያኖች ቶሎ ብለን «ተመስገን በል እንጂ! ስንቱ ባሕር ውስጥ ቀርቶ የለም ወይ?» እንላለን። ሰውየውም ኀዘኑ የእምነት ማነስ መስሎት ዝም ይላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስደተኛን ዝም አያሰኝም። አጋር በምድረ በዳ ልጇ በውኃ ጥም ሲሞት ላለማየት ፈቀቅ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰምቶ የውኃ ጉድጓድ አሳያት እንጂ ለምን አለቀስሽ አላላትም። ወደ ባቢሎን የተማረኩት ሰዎች ልቅሶ ከመዝሙረ ዳዊት ገብቶ እስከ ዛሬ ይጸለያል። ጌታችንም በሕፃንነቱ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ከሄሮድስ ሸሽቶ ግብፅ ወርዷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያንን ስደት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ 40 ቀን ሙሉ ታስበዋለች።

ልቅሶና እምነት አብረው እንደሚኖሩ በዘመናችን ካሳዩን ቦታዎች አንዱ በሰሜን ፈረንሳይ፣ ካሌ አጠገብ የነበረው የስደተኞች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን እዚያ ከእንጨትና ከላስቲክ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ሌሊት ወደ እንግሊዝ በሚሻገሩ የጭነት መኪኖች ለመደበቅ የሚሞክሩ ሰዎች፣ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ይጸልዩ ነበር። በ2016 ኦክቶበር ላይ ሰፈሩ ተነሣ። ያ የላስቲክ ቤት የማንንም ኀዘን አላጠፋም፤ ኀዘንን ይዞ የሚገባበት ቦታ ግን ነበር። ስደተኛ ከእኛም የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል።

እናም በዚህ ሳምንት ስትደውሉለት፣ ስለ ብር ከማንሳታችሁ በፊት «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» በሉት። ሲያለቅስ ጥቅስ ለመጥቀስ አትቸኩሉ፤ ስልኩን ይዛችሁ ጠብቁት። ጭንቀቱ ከበረታ፣ ይልቁንም መኖር አስጠላኝ ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም እንዲያይ ገፋፉት። ሐኪም ዘንድ መሄድ ጸሎትን መተው አይደለም።

ስደተኛ ደግሞ ማዶ ብቻ አይደለም ያለው። ከኤርትራ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ብዙዎች እዚሁ አገራችን ተጠልለዋል። ጎረቤታችሁ ከሆኑ ለቡና ጥሯቸው፤ ሲያወሩም አድምጧቸው። «ተመስገን» የሚለውን ቃል ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይሉታል።